በግድግዳው ውስጥ የምንጋራው

ከምሥራቅ በኩል ወደ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወርድ አውሮፕላን ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ጎማው አስፋልቱን ሊነካ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጎሮ፣ ሰሚት፣ ገርጂ እያሉ ሰፈሮቹ ከታች ይመጣሉ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የኮንዶሚኒየም ብሎክ፣ በገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ በየጣሪያውና በየግቢው የቆሙ ጥቁርና ነጭ ሮቶዎች። ለሥራ ድሬዳዋ ደርሼ በተመለስኩ ቁጥር የራሳችንን ብሎክ ለመለየት አንገቴን አሰግጋለሁ። እስካሁን ለይቼው አላውቅም። ከላይ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚያ ብሎክ ነው። ከውጭ ስለሚታየው ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ ስለሚያልፈው ቱቦ፣ ከእሱም ጋር በአምስት ቤቶች መካከል ስላለፈው ነገር። በጋራ ሕንፃ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ፣ በተለይም ሕንፃው ዕድሜ ከጠገበ፣ ታሪኩ የእናንተም ነው።

ሃያ ዓመት የሞላው «አዲስ» ቤት

ገርጂ አውሮፕላን ሲነሳ ወሬ አቋርጦ መጠበቅ የለመደ ሰው ሰፈር ነው። እንግዳ ሲመጣ ይደነግጣል፤ እኛ ድምፁ ሲያልፍ ካቆምንበት እንቀጥላለን። አውሮፕላን ማረፊያው ከእኛ ቀድሞ የመጣ የሰፈሩ ነባር ነው። የአየር መንገዳችን የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720 ጄቶች በ1955 ዓ.ም. ሲመጡ የልደታው ሜዳ ስለማይበቃቸው ነው ቦሌ የተሠራው። ኮንዶሚኒየም የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ቤተሰብ አፍ የገባው ደግሞ ከዚያ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የከተማው አስተዳደር በጀርመኑ ጂቲዜድ የቴክኒክ ድጋፍ ለሙከራ የሠራቸው ቤቶች የቆሙት እዚሁ ገርጂ ነው።

ቤቶቹ ለብዙዎች ከቀበሌ ቤት ወደ ራስ ቤት መሸጋገሪያ ሆኑ። የመጀመሪያው ለውጥም ውሃ ነበር። ከቦኖ በጀሪካን መቅዳት፣ የግቢውን ሽንት ቤት በተራ ማጽዳት፣ ቁልፉን ከጎረቤት መቀባበል ቀረ። የራስ ቧንቧ፣ የራስ መታጠቢያ፣ የራስ ቆጣሪ መጣ። ከብሎኮቹ ጎን ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት ቢሠራም፣ ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ መጋራት ያበቃ መስሎት ነበር።

እኔና ባለቤቴ ገርጂ አካባቢ ካሉት ብሎኮች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ዕጣ ከደረሳቸው ሰው ቤት ከገዛን አምስት ዓመት ሆነን። ሰው ዛሬም «አዲሱ ኮንዶሚኒየም» ይላል። ቤቱ ግን ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። በማርኬቲንግ ክፍል ነው የምሠራው። እንጀራዬ የነገሮችን መልካም ገጽታ ማሳየት ነውና ቤቱን ስንገዛም ያየሁት ገጹን ነበር። ቀለም አስቀባሁ፣ የኩሽናውን ቁም ሣጥን አስቀየርኩ፣ መታጠቢያ ቤቱን ከወለል እስከ ኮርኒስ አዲስ ሴራሚክ አስለበስኩ። ሥራው ሲያልቅ ፎቶ አንስቼ ለእህቶቼ ላክሁ። ይህን ሴራሚክ አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ነጠብጣቡ

ባለፈው ሐምሌ በመታጠቢያ ቤታችን ኮርኒስ ላይ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ የምታህል ቡናማ ክብ ወጣች። ዝናብ ነው ብለን ናቅናት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ዝናብ ከየት ይመጣል ብለን አልጠየቅንም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክቧ ትሪ አከለች፤ ከሥሯ ባልዲ አስቀመጥን። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱንና የልጃችንን መኝታ ክፍል የሚያዋስነው ግድግዳ ራሰ፣ ቀለሙ አበጠ፣ ከአልጋዋ ራስጌ ጥቁር ሻጋታ ወጣ። አምስት ዓመቷ ነው። ሌሊት ሌሊት ማሳል ስትጀምር አልጋዋን ወደ እኛ ክፍል አዛወርነው። ሐኪሙም እርጥበትና ሻጋታ ለልጅ ትንፋሽ እንደማይስማማ ነገረን።

ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ የደረጃው ልጆች ሁሉ «እማማ» ነው የሚሏቸው። ወጥቼ አንኳኳሁ።

«እማማ፣ ውሃ እየፈሰሰብን ነው። እባክዎ ያሠሩልን» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ እንኳ የሚፈስ ነገር አላየሁም። ግን እንዳልሽ፣ አሠራለሁ» አሉኝ።

በማግሥቱ ሰው ጠርተው የመታጠቢያ ሳህናቸውን ሲፎን አስቀየሩ። ነጠብጣቡ ግን አልቆመም። በሁለተኛው ጊዜ ማንኳኳት አልፈለግሁም። የራሰውን የልጄን ግድግዳ ፎቶ አንስቼ በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩና «ከላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ከታች ሕፃን እንዳለ አስቡ» ብዬ ጻፍኩበት። ስም አልጠራሁም። በደረጃችን ውስጥ ግን ማንን ማለቴ እንደሆነ ያልገባው አልነበረም። እማማ ስማርት ስልክ የላቸውም። ሌላ ሰው አነበበላቸው።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠብታው ቀነሰ። ዘመቻዬ ሠራ አልኩ፤ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ። ከዚያ በኋላ በደረጃው ላይ ስንተላለፍ እማማ አንገታቸውን ደፍተው «እንደምን ዋልሽ» ብለው ያልፋሉ። ቀድሞ ልጄን ሳይስሙ አልፈዋት አያውቁም ነበር። እኔም ተቀይመዋል፣ ይቀየሙ ብዬ ተውኩት።

አምስት ቤት፣ አንድ ቱቦ

ጠብታው ግን ቀነሰ እንጂ አልቆመም። በመጨረሻ ባለቤቴ የረጅም ዘመን ልምድ ያላቸውን የቧንቧ ባለሙያ ይዞ መጣ። ጋሼ መፍቻቸውን እንኳ ሳያወጡ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለግማሽ ሰዓት ጥያቄ ጠየቁን። ይጠባል መቼ? ቀን ብቻ ነው ወይስ ሌሊትም? የከተማው ውሃ ሲመጣ ይብሳል? ጠብታው ይሸታል?

ጥያቄዎቹን እናንተም ያዟቸው፤ ብዙ ብር ያተርፏችኋል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቱቦ አለ። አንደኛው ንጹሑን ውሃ ያመጣል። ይህ ሁልጊዜ በግፊት የተሞላ ስለሆነ ቢሰነጠቅ ሌት ተቀን ያንጠባጥባል። ሁለተኛው ፍሳሹን ይወስዳል። ይህ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው፤ የሚያፈስሰው ሰው ውሃ ሲጠቀም ብቻ ነው። የእኛ ጠብታ የሚበረታው ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓትና ማታ ነበር፤ ሌሊት ይቆማል። ስለዚህ የፍሳሹ ቱቦ ነው።

«የፍሳሽ ቱቦው ደግሞ» አሉ ጋሼ ግድግዳውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የእሳቸውም ብቻ አይደለም። ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት በዚህ ግድግዳ ውስጥ የሚወርድ አንድ ቱቦ ነው ያላችሁ። አምስት ቤት በአንድ ጉሮሮ ነው የምትውጡት።»

ንጹሑም ውሃ ቢሆን ከመጋራት አያመልጥም። ውሃ ከፍታው 10 ሜትር በጨመረ ቁጥር አንድ ባር ያህል ግፊት ይጨምራል። ሮቶው ጣሪያ ላይ ከሆነ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ገላውን በቀጭን ክር ይታጠባል፤ ምድር ቤት ያለው ደግሞ ጠንካራ ግፊት ያገኛል፤ መገጣጠሚያዎቹም ቀድመው የሚደክሙት የእሱ ናቸው። ውሃው በቀጥታ ከከተማው መስመር ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ምድር ቤት ይደርሳል፣ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። የላይኛውና የታችኛው ሰው በውሃ የማይግባቡት አንዱ ስለሚዋሽ አይደለም። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን ከተለያየ ከፍታ ነው።

የቀይ ሥር ፈተና

ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ኪሎ ቀይ ሥር ቀቅለን እንድንጠብቃቸው ነገሩን። ግራ ገብቶን ቀቀልን። ውሃው ደም መሰለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የተጠረጠሩት ቤቶች ሁሉ ውሃ መጠቀም ያቆማሉ፤ ከዚያ ቀዩን ውሃ አንድ በአንድ፣ በየቤቱ፣ ብዙ ንጹሕ ውሃ እያስከተሉ መድፋት፣ ከታች ደግሞ ሰዓት ይዞ መጠበቅ። ጠብታው ሲቀላ ፍሳሹ የመጣው ከማን መስመር እንደሆነ ይታወቃል። ከቀይ ሥር ሌላ የምግብ ቀለምም ይሆናል። ግድግዳ ከማፍረስ በፊት እንዲህ ያለ ፈተና ማድረግ ርካሽ ነው።

ፈተናውን ለማስረዳት ወደ እማማ ቤት ወጣን። ገቡ አሉን። ኮሪደራቸው ላይ ስምንት ጀሪካን ተደርድሯል። ጋሼ መታጠቢያ ቤቱን ከፍተው ወለሉን ዳሰሱት፤ ደረቅ ነው። ቧንቧውን ከፈቱት፤ ምንም አልወረደም።

«ዋናውን ማጥፊያ ከዘጋሁት ሦስት ሳምንቴ ነው» አሉ እማማ። «ሕፃኗ ላይ ከሚፈስ ብዬ።»

ከምድር ቤት ቧንቧ በጀሪካን እያስቀዱ፣ የሚሸከምላቸው ልጅ ሲጠፋ ደግሞ እራሳቸው በግማሽ ጀሪካን እየተሸከሙ፣ ሦስት ፎቅ ወጥተዋል። የሽንት ቤቱን ውሃ በጣሳ በጥቂቱ ይለቃሉ። ገላቸውን የሚታጠቡት እሑድ እሑድ ሰሚት ልጃቸው ጋ ሄደው ነው። ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። እኔ «ዘመቻዬ ሠራ» ያልኩት ለካ ይህን ነው።

ቀዩ ውሃ መጀመሪያ የተደፋው አራተኛ ፎቅ ካሉት ወጣት ባልና ሚስት ቤት ነው። የእማማ ቤት እንደተዘጋ ነበር። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ በእኛ ኮርኒስ ሥር ያለው ባልዲ ውስጥ የመጀመሪያዋ ቀይ ጠብታ ወደቀች።

ሴራሚኩ ሲሰበር

ፍሳሹ ከአራተኛ ፎቅ መጥቶ፣ በእማማ ቤት በኩል አልፎ፣ እኛ ኮርኒስ ላይ ባለው መገጣጠሚያ ነው የሚወጣው። ግን ለምን? የፍሳሽ ቱቦ መገጣጠሚያ ውሃ እንዲያልፍበት እንጂ እንዲቆምበት አይሠራም። ውሃው ከቆመበት ከሥሩ አንድ ነገር አግዶታል ማለት ነው። ጋሼ ግድግዳችንን ከላይ እስከ ታች ሲዳስሱ ቆዩና «እዚህ ጋ ትንሽ በር መኖር ነበረባት። የት አለች?» አሉ።

በሩን እኔ ነኝ የሸፈንኳት። ቱቦዎቹ ወደሚያልፉበት ጠባብ ክፍተት፣ ባለሙያዎቹ ዳክት ወደሚሉት፣ የምታስገባ ዝገት የበላት የላሜራ በር ነበረች። መልክ ታበላሻለች ብዬ ከአምስት ዓመት በፊት በሴራሚክ አስደፈንኳት። በዚያው ሰሞን የልብስ ማጠቢያ ማሽናችንን መውረጃ ከዋናው ቱቦ ጋር አስቀጥዬ ነበር።

ሴራሚኩ ተሰበረ። የማሽኑ ቱቦ በዋናው ቱቦ ውስጥ አንድ ጣት ያህል ገብቶ ተሽጦ ነበር። በዚያች ጣት ላይ ለአምስት ዓመት የሦስት ቤት ጉድ ተንጠልጥሎባታል፦ እርጥብ የሕፃን መጥረጊያ፣ የጸጉር ቋጠሮ፣ የማሽናችን የልብስ ብናኝ። ከላይ የሚመጣው ውሃ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ወደ ላይ ይመለሳል፣ በመገጣጠሚያው ሾልኮ በእኛው ኮርኒስ ላይ ይወርዳል። በልጄ ግድግዳ ላይ ያፈሰስኩት እኔው ነኝ።

ማታ ብቻዬን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ምን እንደምል ደረጃው ላይ ሳሰላስል ነበር፤ በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋብኝና እግራቸው ላይ ለመውደቅ ጎንበስ አልኩ። እማማ ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

«እኔን የከነከነኝ ምን መሰለሽ» አሉኝ ቡና እያቀረቡ። «ሠላሳ ዓመት ቀበሌ ቤት ስኖር ስምንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበረን። ተራ ነበረን፤ አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም። እዚህ መጥቼ የራሴን ሽንት ቤት ባገኘሁ ተጣላሁ።»

በማግሥቱ በዚያው ግሩፕ፣ በዚያው ፎቶ ሥር፣ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ጻፍኩ። ሴራሚኩን ከማስፈረስ ይልቅ ያ ከብዶኝ ነበር። ስከስ የሰማ ሁሉ ስታረምም መስማት ነበረበት።

የማን ነው?

የእማማ ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣም። በቀበሌው ግቢ የጋራ የሆነው ነገር ሁሉ ይታይ ነበር፤ ስለሚታይም ተራ ነበረው። በኮንዶሚኒየም የጋራ የሆነው ነገር ግድግዳ ውስጥ ገባና ባለቤት አልባ ሆነ። የምናየው በኮርኒሳችን ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የምንፈልገው ጥፋተኛ እንጂ ባለቤት አይደለም።

ሕጉ ግን ባለቤቱን ያውቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ብሎኮች ሳያልቁ የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሕንፃውን የግል በሆኑ ቤቶችና በጋራ መጠቀሚያዎች ይከፍለዋል። ቤት ስትገዙ ከአራቱ ግድግዳዎች ጋር በጋራ መጠቀሚያዎቹም ላይ ድርሻ ትገዛላችሁ። የቤቶቹ ባለቤቶችም ማኅበር አቋቁመው የጋራውን ያስተዳድራሉ፣ ወጪውንም ይጋራሉ። በቤታችሁ ውስጥ ያለውን ቧንቧ የምታሠሩት እናንተ ናችሁ፤ ቤቶችን ሁሉ የሚያገለግለው ዋና ቱቦ ግን በየትኛውም ሰው ግድግዳ ውስጥ ቢያልፍ የሁላችሁ ነው። እኔ በሴራሚክ የደፈንኩት በር ወደ እኔ ንብረት የሚያስገባ አልነበረም።

ጋሼ ሃያ ዓመት ያገለገሉት መገጣጠሚያዎች ሁሉ እንዲቀየሩ መከሩን። የማሽኑን መውረጃና የተሰበረውን ግድግዳ ወጪ እኛ ቻልን። ለቀረው አምስቱ ቤቶች ተሰበሰብን። ምድር ቤት ያሉት አባወራ «እኛ ጋ ምንም አልፈሰሰም፤ ለምን እከፍላለሁ?» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጋሼ መለሱላቸው፦ «ጌታዬ፣ ይህ ቱቦ ከእርስዎ በታች የተዘጋ ቀን የአራቱም ፎቅ ፍሳሽ መውጫ ሲያጣ መጀመሪያ የሚወጣው በእርስዎ ሽንት ቤት ነው።» አባወራው ድርሻቸውን ከሁሉ ቀድመው ከፈሉ።

በዚያው ስብሰባ ከየቤቱ በየወሩ ጥቂት ብር ለቱቦው እንዲቀመጥ ተስማማን። ስሙንም «የቱቦ እድር» አልነው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ሲቆይ ስሙ ሆኖ ቀረ። እድር ሞትን አያስቀርም፤ ሲመጣ ግን ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ቱቦም ማርጀቱ አይቀርም። ያረጀ ቀን ማን ባለሙያ እንደሚጠራ፣ ማን በሩን እንደሚከፍት፣ ብሩ ከየት እንደሚመጣ ከታወቀ ጠብ አይኖርም።

እናንተስ ቤት?

ካለፍንበት የተማርነውን ላካፍላችሁ።

ቆጣሪያችሁን ጠይቁት። ማታ ቧንቧ ሁሉ ዘግታችሁ የቆጣሪውን ቁጥር መዝግቡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልከቱት። ከተንቀሳቀሰ ንጹሕ ውሃ እየፈሰሰ ነው። በሰከንድ አንድ ጠብታ ትንሽ ትመስላለች፤ በቀን ሲደመር አንድ ጀሪካን ያህል ትሆናለች።

ለጉሮሮው እዘኑለት። የዶሮ ወጥ ቅባት ትኩስ ሲሆን ይፈሳል፤ ቱቦው ውስጥ ሲበርድ ይረጋል። የቡና አተላና የሊጥ እጣቢ እሱ ላይ ይለጠፋሉ። ድስቱን ከማጠብ በፊት በሶፍት ጥረጉት፤ አተላውን ለአበባ ማሰሮ አድርጉት። ዳይፐርና እርጥብ መጥረጊያ፣ እሽጉ ላይ ምንም ተብሎ ቢጻፍ፣ ሽንት ቤት ውስጥ አይጣል።

ሮቶ ከማስቀመጣችሁ በፊት አስሉ። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው። በረንዳችሁ ላይ ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ መሙላት በረንዳው ላይ ሁለት ቶን ጭኖ መተው ማለት ነው። መሐንዲስ ሳታማክሩ አታድርጉት፤ ከሥራችሁ ሰው አለ።

ሲፎናችሁ እንዳይደርቅ። ከወለል ውሃ መውረጃው ሥር ያለችው ጥምዝ ውስጥ የምትቀረው ጥቂት ውሃ የቱቦውን አየር ከቤታችሁ አየር የምትለይ ክዳን ናት። ሳትጠቀሙበት ከከረማችሁ ትተናለች፤ ከጉዞ ስትመለሱ ቤቱ የሚሸተው ለዚህ ነው። ነገሩ ከሽታም ያልፋል። በፈረንጆቹ 2003፣ አዋጃችን በወጣበት በዚያው 1995 ዓ.ም.፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሞይ ጋርደንስ በሚባል የመኖሪያ መንደር የሳርስ በሽታ ከ300 በላይ ነዋሪዎችን ያዘ፤ 42 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ካመለከቷቸው ምክንያቶች ዋናው በወለል መውረጃዎች ውስጥ የደረቁ ሲፎኖች ነበሩ። በሽታው በጋራው ቱቦ ከቤት ቤት ተሻገረ። በየሳምንቱ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ ይህን ይከላከላል። ሻንጣ ከመዝጋታችሁና ወደ ቦሌ ከመውጣታችሁ በፊት በየመውረጃው አንድ አንድ ጣሳ ጨምሩ።

በሯን አትድፈኑ። ቤት ስታሳድሱ ወደ ዳክቱ የምታስገባዋን በር ተዉ። መልክ ካበላሸች በላይዋ መስታወት ስቀሉ፤ ግን ትከፈት። የማሽን መውረጃ ስታስቀጥሉም ባለሙያው ሥራውን ሳይዘጋ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንኳኩ። ስታንኳኩ ደግሞ «እያፈሰሱብን ነው» ሳይሆን «አብረን እንየው» በሉ። ሁለቱ አነጋገሮች የሚያስከፍሉት ዋጋ ለየቅል ነው። የመጀመሪያው አንዲት እናትን ሦስት ሳምንት ጀሪካን አሸክሟል።

የጠዋት ድምፅ

አሁን የልጃችን አልጋ ወደ ቦታው ተመልሷል። በመታጠቢያ ቤታችን ሴራሚክ መካከል አንዲት ነጭ የብረት በር አለች፤ ፎቶ ላይ አታምርም፤ ቁልፏ በር አጠገብ ተሰቅሏል። በየሦስት ወሩ ከፍተን በባትሪ እናያለን። ተራ አለን።

በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ውሃም ድምፅ እንዳለው ያወቅሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሳያጓራ፣ ከላይ ሹልል ብሎ ይወርዳል። እማማ ተነሥተው ፊታቸውን እየታጠቡ ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ ቀን ጠዋት ድምፁ ቀረ። አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ፣ አሥራ ሁለት ሆነ፤ ዝም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁና አንኳኳሁ። መልስ የለም። ልቤ እየመታ ለሰሚቷ ልጃቸው ልደውል ስል እማማ ከታች ደረጃውን ይዘው ሲወጡ አየኋቸው። ገርጂ ጊዮርጊስ ኪዳን አድርሰው መመለሳቸው ነው፤ ማልደው የወጡት በሌሊት ስለሆነ ሰው እንዳይቀሰቅሱ ውሃውን በጣሳ ነው የተጠቀሙት።

«ምነው ልጄ፣ ደግሞ ፈሰሰ እንዴ?» አሉኝ ደንግጠው።

«አይ እማማ» አልኳቸው። «ዛሬስ ስላልፈሰሰ ነው።»